ቁስሉ ጥርሳም ነበር

አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ መቱ ገበያ ዳር የብረታ ብረት ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ቢላ፣ ማጭድ፣ ገጀራ፣ መጋዝና ሞረድ እየሸጠ ስድስት ልጅ አሳደገ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ባንኮኒ ሥር ወርውሬ እሸጥ ነበርና፣ ገዢ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "ልሙጡን ነው ጥርሳሙን?" ልሙጥ የምንለው አፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለውን ነው። ጥርሳም የምንለው ደግሞ ጠርዙ እየገባ እየወጣ ጥርስ ያበቀለውን ነው፤ ማጭድ፣ የዳቦ ቢላ፣ መጋዝ ራሱ። አንድ ቀን አባቴ ልዩነቱን ሊያሳየኝ አንድ ደረቅ ሳሙና ሁለት ቦታ ቆረጠ። በልሙጡ የቆረጠው ፊት ልስልስ ብሎ ወጣ። በጥርሳሙ የቆረጠው ተሸረካክቶ ፍርፋሪው ባንኮኒው ላይ ተበተነ። "ልሙጥ ይቆርጣል፣ ጥርሳም ይበላል" አለኝ። ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ይህን የማወራችሁ አባቴን ለማስተዋወቅ አይደለም። ከዚህ በታች የምነግራችሁን ጥፋት ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት ብዬ ማምለጥ እንደማልችል ከመጀመሪያው እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

በነርስነት ተመርቄ የተመደብኩት ዳሪሙ ወረዳ ውስጥ ባለ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። የቀበሌውን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የመቱ ልጅ ስለሆንኩ ኦሮምኛው እንደ አማርኛው ይቀናኛል፤ ሕዝቡም በዚህ ይወደኝ ነበር። ታዲያ መወደድ ልብ ያሳብጣል። ሲስተር፣ ሲስተር ሲሉኝ እናት የሚሆኑኝ ሴቶች አንቱ እያሉኝ እኔ አንቺ እላቸው ጀመር። ማንም አልተቆጣኝም፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አይቆጡም።

የቡና ለቀማ ሲደርስ ጣቢያው በቁስለኛ ይሞላል። ገጀራ ያመለጠው፣ ጉቶ የወጋው፣ ሰክሮ የተፈነካከተው ሁሉ ይመጣል። ከእኔ በፊት የነበሩት ነርሶች ለዚህ ሁሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበራቸው፤ እኔም ከመዝገቡ ጋር ወረስኩት፦ "በስለት የተቆረጠ።" ብረት ከሆነ ስለት ነው፤ ቀሪው ለፖሊስ። እጄ ለምዶት ሳላስበው ይጽፈው ነበር።

በኅዳር ወር፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አራት ሰዎች አንድ ሰው በቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ ገቡ። የተሸከሙት ቶሎሳ የሚባል የአርባ ዓመት ገበሬ ነው። ቀኝ ጭኑ በውስጥ በኩል እስከ ጉልበቱ አፋፍ ተከፍቷል። ራሱን አያውቅም። ከቁስሉ በላይ በሸሚዝ ቁራጭ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ያ እስር ባይኖር መንገድ ላይ ደሙ አልቆ ነበር። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ነው፤ ደረቱና ክንዱ ደም ለብሷል።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩ ጓንት እያጠለቅኩ።

የቶሎሳ ታናሽ ወንድም ደሬሳ ራቁቱን ወደቆመው ሰው በአገጩ አሳየኝ። "እሱን ጠይቂው። ገጀራውን ይዞ አጠገቡ ነው ያገኘነው።"

"እኔ አልነካሁትም" አለ ሰውየው። ገለታ ነው፤ የቶሎሳ ጎረቤትና የእህቱ ባል። "ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። ስደርስ መሬት ላይ ወድቋል። ሸሚዜን በገጀራ ቀድጄ አሰርኩለት። ሌላ የማውቀው የለም።"

"ታዲያ ማን ቆረጠው? ዝንጀሮ?" አለ ደሬሳ።

ጠባቸውን ቀበሌው ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱ ሰዎች በቡና ማሳቸው ወሰን ላይ በቆመ አንድ ትልቅ ዋንዛ ሁለት ዓመት ተጨቃጭቀዋል። ቶሎሳ ጥላው ቡናዬን አፈነ፣ ይቆረጥ ይላል። ገለታ ዛፉ የአባቴ ነው፣ አይነካም ይላል። በመጨረሻ ሽማግሌዎች በኦቦ ኢተፋ መሪነት መጥተው ከዛፉ ሥር እርጥብ ሣር አኖሩ፤ ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅ ማንም እንዳይነካው ማለት ነው። በዚያ አገር ሽማግሌ ሣር ያኖረበትን የነካ ይረገማል፤ እርግማኑም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሰው እስር ቤት መግባትን ከዚያ አስበልጦ አይፈራም።

ሁሉንም አስወጥቼ ሥራዬን ያዝኩ። ግሉኮስ ተከልኩለት፣ ቁስሉን አጠብኩ፣ መስፋት ጀመርኩ። ጠርዙ አልገጥም አለኝ። ቆዳው በእኩል በእኩል ርቀት እየገባ እየወጣ ተበልቷል፤ አንዱን ጎን ወደ ሌላው ስስበው ይሸሻል። እንደተማርኩት የተቦጨቀውን ጠርዝ በመቀስ እየከረከምኩ ቀጥ አደረግኩትና ሰፋሁት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ሲያልቅ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ስፌት ሆነ፤ በእጄ ሥራ ኮራሁ። ከራሱ ቅል ኋላ እብጠት ነበረው። ተቆርጦ ሲወድቅ ድንጋይ መትቶት ነው አልኩና ጽፌ አለፍኩ። ሱሪውን ከሌላው ቆሻሻ ጋር ወደ ማቃጠያው ጉድጓድ ላኩት።

እስቲ አሁን ቆም በሉና አስቡ። ያን ሳሙና ያየች ልጅ፣ ያን ቁስል በጣቷ እየዳሰሰች አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጣለች። አላየችም ትላላችሁ? አይቻለሁ። እጄ አውቆታል። ጭንቅላቴ ግን ውጭ የሰማውን ይዞ ነበር የገባው፤ ገለታ በገጀራ ቆረጠው የሚለውን።

ከሰዓት በኋላ አምቡላንስ መጥቶ ቶሎሳን ወደ መቱ ወሰደው። ፖሊስም መጣና ወረቀት ጠየቀኝ። "በስለት የተቆረጠ" ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማህተም መታሁ። ፖሊሱ አነበበና የገለታን ገጀራ በጋዜጣ ጠቀለለው። ገለታ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከግቢው አልወጣም፤ የአማቹን ነገር ሳልሰማ አልሄድም ብሎ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። እዚያው እጁን ወደ ኋላ አሰሩት። የሚለብሰው ሸሚዝ ስላልነበረው ዘበኛችን የራሱን ጋቢ ደረበለት።

በማግስቱ ዓርብ፣ ገና በር ስንከፍት ጫልቱ ደጅ ላይ ቆማለች። ጫልቱ የቶሎሳ እህት፣ የገለታ ሚስት ናት። የወራት ልጅ አዝላለች። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች።

"ሲስተር፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"የወንድምሽን ነገር መቱ ነው የምትጠይቂው። ከእጃችን ወጥቷል።"

"ስለ ወንድሜ ወደ እግዜር እየጮኽኩ ነው። እኔ የምጠይቀው የጻፉትን ነው።"

"ያየሁትን ነው የጻፍኩት። በስለት የተቆረጠ።"

"በገለታ ገጀራ?"

"እሱን ፖሊስ ያውቃል።"

ልጇን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዞረችና ወደ እኔ ቀረብ አለች። "ሲስተር፣ ያን ገጀራ ዐሥር ዓመት አውቀዋለሁ። ማታ ማታ የሚስለው ፊቴ ተቀምጦ ነው። ሸንኮራ ሲቆርጥበት ጭማቂው እንኳ አይፈስም፣ እንደ ምላጭ ነው። እርስዎ የሰፉት ቁስል እንደዚያ ነበር? ጠርዙ እንደዚያ ቀጥ ያለ ነበር?"

ሰው በሕይወቱ እንዲህ ጥርት ያለ ጥያቄ ስንት ጊዜ ይጠየቃል? ሳሙናው ትዝ አለኝ። ጣቴ ላይ ያ የሚገባ የሚወጣ ቆዳ ትዝ አለኝ።

"እንደዚያ ነበር" አልኳት።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ወንድሞቼ ዛሬ ይመጣሉ" አለች። "ቶሎሳ ከሞተ ቤታችንን ያቃጥላሉ፤ እስከዚያው ቡናውን እንቆርጣለን ብለዋል። ቡናው ቀልቷል ሲስተር፣ ገና ግማሹን አልለቀምነውም። ያለን እሱ ብቻ ነው። አንድ ነገር ካለ አሁን ይንገሩኝ። ሽማግሌ ይዤ በራቸው ላይ ልውደቅ።"

"የለም አልኩሽ። ሂጂ፣ በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው።"

በሽተኛ አልነበረም። ሄደች።

ለምን ዋሸሁ? ዓመታት አስቤበታለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም ብል ማን ያምነኛል? ፈርቼ ነው። ወረቀቱ ላይ ስሜ አለ፤ ማህተም አለ። ተሳስቻለሁ ብል ሥራዬን አጣለሁ፤ የቶሎሳ ወገኖች ገንዘብ በልታ ነው ይሉኛል፤ ጎበዝ የተባልኩት ሲስተር መሳቂያ እሆናለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እንደዚያ በጽሞና የምትጠይቀኝ አንቺ የምላት የገጠር ሴት መሆኗ አናደደኝ። አዎ፣ ይህም ነበረበት።

እሷ ከአጥሩ እንደወጣች ወደ ማቃጠያው ጉድጓድ ሮጥኩ። ሱሪው ካለ የጨርቁ አቀዳደድ ራሱ ይመሰክራል ብዬ ነው። ዘበኛው ማታውኑ አቃጥሎታል። በእንጨት አመዱን ስቆሰቁስ አንድ የተጨማደደ የቀበቶ ዘለበት ብቻ አገኘሁ። ያኔ ነው ነገሩ ሙሉ በሙሉ የገባኝ። ቁስሉን ከርክሜ ሰፍቼዋለሁ፤ መቱ ያሉ ሐኪሞች የሚያዩት የእኔን ቀጥ ያለ ስፌት ነው። ሱሪው አመድ ሆኗል። ቶሎሳ አይናገርም። በዚህ ዓለም ላይ ያ ቁስል ጥርስ እንደነበረው የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም የለም። እኔ ደግሞ ዋሽቻለሁ።

ወደ ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። እንደ ታናሽ እህቱ የሚያየኝ ደግ ሰው ነበር። የሆነውን ስነግረው ብዕሩን አስቀምጦ አንገቱን ነቀነቀ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ገጀራ እንደዚያ አይቆርጥም።"

"ታዲያ በምን ተቆረጠ?"

"አላውቅም።"

"አየሽ፣ አታውቂም። ወረቀቱ ወጥቷል። አሁን ብትቀይሪው አንቺም ትከሰሻለሽ፣ እኔም እጠየቃለሁ፤ ገለታ ግን አይፈታም። ፍርድ ቤት ሲጠራሽ ትናገሪያለሽ። እስከዚያ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

ምክሩ እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ። ፍርድ ቤት እስኪጠራኝ! ወራት አለኝ ማለት ነው። ተመልሼ ሥራዬን ያዝኩ፤ ሦስት ሕፃናት ከተብኩ፣ አንድ የጆሮ ሕመም አየሁ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ለእርግዝና ክትትል የመጣች አንዲት ሴት የደም ግፊቷን እየለካሁ ሳለ ለጓደኛዋ ስታወራ ሰማሁ። "የገለታን ቡና እየቆረጡት ነው። በዚያ በኩል ነው ያለፍኩት። ጫልቱ አንዱን ግንድ አቅፋ ብትቀመጥ ነቅለው አስነሷት።"

የደም ግፊት መለኪያውን ከክንዷ ሳልፈታ ተነሳሁ። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ኦቦ ኢተፋ ተቀምጠዋል፤ እኚያ ሣሩን ያኖሩት ሽማግሌ። ለሳላቸው መድኃኒት ሊወስዱ መጥተው ተራ እየጠበቁ ነው። ፊታቸው ቆምኩና ከአፌ የወጣው ይህ ነበር፦ "አባቴ፣ ዋሽቻለሁ።"

"ማንን?"

"ጫልቱን። ዛሬ ጠዋት። የወንድሟን ቁስል ገጀራ አልቆረጠውም። ጠርዙ ጥርሳም ነበር፣ እንደ መጋዝ። አውቄ ነው የደበቅኳት።"

ሽማግሌው ሳላቸውን ሳሉና ከዘራቸውን ፈለጉ። "ታዲያ እዚህ ቆመሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አሉኝ።

የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ሳላቸው እያቋረጣቸው፣ በእግር መንገዱ ጭቃ ላይ እያዳለጣቸው፣ አንዴም አላረፉም። እኔ ከኋላ እያለቀስኩ እከተላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ዘወር አሉ። "ማልቀሱን ተይው። አፍሽን ለኋላ አስቀምጪው፣ ትፈልጊዋለሽ" አሉኝ።

ከመድረሳችን በፊት ድምፁን ሰማነው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ከፊት ደሬሳ አለ። ከማሳው ግማሽ በላይ ወድቋል። የዐሥራ አምስት ዓመት ቡና ከነቀይ ፍሬው መሬት ላይ ተነጥፏል። ጫልቱ ከወደቀው መሐል ተቀምጣለች። አታለቅስም። ከወደቁት ቅርንጫፎች ላይ የቀላውን ፍሬ እየለቀመች በነጠላዋ ታጠራቅማለች። ልጅዋ ከጀርባዋ ትጮኻለች፤ እሷ ትለቅማለች።

ኦቦ ኢተፋ ከዘራቸውን ዘርግተው በቆራጮቹና በቆመው ቡና መሐል ገቡ። ጠቅታው ቆመ።

"ሲስተር የምትለው አላት" አሉ።

አምስት ገጀራ የያዙ ሰዎች ያዩኛል። "ቶሎሳን ገጀራ አልቆረጠውም" አልኩ። "የጻፍኩት ስህተት ነው። ቁስሉ ጥርሳም ነበር።"

"ጥርሳም?" አለ ደሬሳ። "ጅብ ነከሰው በያ!"

"የያዝከውን ገጀራ እይ። አፉ ልሙጥ ነው። አሁን የቆረጥከውን ግንድ ደግሞ እይ፤ ፊቱ ልስልስ ያለ ነው። የወንድምህ ጭን እንዲህ አልነበረም። እየገባ እየወጣ፣ በእኩል በእኩል ነበር የተበላው። እንዲህ የሚያደርግ ጥርስ ያለው ብረት ብቻ ነው። የአባቴ ሱቅ ውስጥ ያደግኩት ይህን እያየሁ ነው።"

"ስንት ሰጡሽ? ጫልቱ ናት የሰጠችሽ?"

"ምን አላት የምትሰጠኝ! ይኸው አወደማችሁት እኮ!" ብዬ ጮኽኩ። ጫልቱ ቀና አላለችም።

"እሺ" አለ ደሬሳ፣ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። "ጥርስ ያለው ብረት የት አለ? ትናንት ከፖሊስ ጋር ቦታውን ቅጠል በቅጠል ፈትሸነዋል። አሳዪኝ!"

ወደ ዋንዛው ሄድን። ደሙ ቅጠሉ ላይ ጠቁሮ ደርቋል። በአራት እግሬ ተንበርክኬ ቅጠል ገለበጥኩ፣ የቡናውን ሥር ዳበስኩ፣ ከታች ያለውን ቦይ ወርጄ በእጄ ጠረግኩ። ምንም የለም። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ከሰዎቹ አንዱ ሳቀ። ሌላው ገጀራውን አንስቶ ወደ ቡናው መመለስ ጀመረ። ጥፍሬ ውስጥ ጭቃ ሞልቶ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ይዤ መጥቼ የሚያምነኝ አጣሁ። ጠዋት በሦስት ቃል የሚያልቅ ነገር ነበር፤ አሁን በጩኸትም አልሆነም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እስኪጠራ ድረስ ግን የሰው ቡና አይቆይም።

ኦቦ ኢተፋ አልተንበረከኩም፤ ወገባቸው አይችልም። ከዘራቸውን ተደግፈው ሽቅብ እያዩ ነበር።

"የዚያ ቅርንጫፍ ቅጠል ለምን ጠወለገ?" አሉ።

ሁላችንም ቀና አልን። ዛፉ ለምለም ነው፤ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ካለው ቅርንጫፍ በቀር። እሱ ቅጠሉን ቁልቁል ጥሏል።

"አንድ ሰው ይውጣ። ደሬሳ፣ አንተ ውጣ" አሉ።

ደሬሳ አልተንቀሳቀሰም። የፊቱ ቀለም ተለወጠ። የሳቀው ሰውዬ ገጀራውን ጥሎ ወጣ። ቅጠሉን ገልጦ ቆየ፤ ከዚያ ድምፁን ሰማን፦ "መጋዝ! መጋዝ አለ! ተነክሶ ቀርቷል፤ ጥርሱ ወደ ላይ ነው። ጨርቅ ይዟል!"

ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ከሥሩ ነው የሚጀመረው፤ አለዚያ ሲሰበር የግንዱን ቆዳ ይልጠዋል። ቶሎሳ ከሥር ሲቆርጥ ቅርንጫፉ በክብደቱ ተጭኖ መጋዙን ነከሰው። ሊያስለቅቀው ሲሻገር አዳለጠውና ጥርሱ ላይ በጭኑ ተንሸራተተ፤ ከዚያ በጭንቅላቱ ወደቀ። መጋዙ እዚያው ቀረ። ሁሉም የሚፈልገው ደም ያለበት መሬት ላይ ነበርና ማንም ቀና አላለም።

ደሬሳ ገጀራውን ጥሎ ተቀመጠ። "መጋዙን እኔ ነኝ የሰጠሁት" አለ። "ሐሙስ በማለዳ መጥቶ ወሰደው። ሣር ያለበት ነው ተው ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም።"

"ይህን እያወቅክ?" አሉ ኦቦ ኢተፋ።

"ገለታ፣ ቶሎሳ ዛፉን ሲቆርጥ አግኝቶ የመታው መስሎኝ ነው! መጋዙንም የደበቀው እሱ መስሎኝ ነው። ቶሎሳ ሣሩን ጥሶ ነው ብዬ ብናገር እርግማኑ በልጆቹ ላይ ነው። ወንድሜ እየሞተ እንዴት ብዬ ልናገር?"

ደሬሳን ልጠላው ሞከርኩና አቃተኝ። እሱ የወንድሙን ስም ለማዳን ዝም አለ፤ እኔ የራሴን።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከኦቦ ኢተፋ ጋር ወረዳ ድረስ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ፤ ወረቀቱንም እንደገና ጻፍኩ። መጋዙንም አስረከብን። ገለታን ቅዳሜ ፈቱት። ከእስር ቤቱ በር ሲወጣ የሰማው የመጀመሪያ ወሬ የቶሎሳን መሞት ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ በፈሰሰ ደም ነው የሞተው፤ አንድም ጊዜ አልነቃም። ገለታ ቡናውን ሳያይ በቀጥታ ወደ ለቅሶ ሄደ፤ የዘበኛችን ጋቢ እንደለበሰ። ሽማግሌዎቹ በኋላ የቶሎሳ ወገኖች ቡናውን እንዲተክሉለት ወሰኑ፤ ተከሉለትም። ቡና ግን ተተክሎ እስኪያፈራ ሦስት አራት ዓመት ነው። እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከዚያ በላይ ምንም አልሆንኩም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንዳንዶቻችሁ ነርስ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ፖሊስ፣ አንዳንዶቻችሁ ጸሐፊ። ሁላችንም እጃችን የለመደው አንድ ዐረፍተ ነገር አለን። ቀላል ነው፣ ማንም አይጠይቀንም፣ ከሱ ሥር ግን ሰው ይታሰራል። እኔ ከዚያ ወዲህ ቁስል ሳይ መጀመሪያ ጠርዙን ነው የማየው፤ ሳልከረክም በፊት ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጥርሳም ብዬ እጽፋለሁ፣ ስንት ጣት እንደሆነም እለካለሁ። ሳላይ የሰማሁትን አልጽፍም። አብረውኝ የሚሠሩት ወረፋው ተራዘመ እያሉ ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ። ጥርሳም የሚለው ቃል የሱቃችን ቃል ነበር፤ አሁን ስሰማው የሚታየኝ መጋዝም ማጭድም አይደለም፣ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ መልስ ስትጠብቅ ነው።

መጋቢት ላይ ጫልቱ ልጇን ለክትባት ይዛ መጣች። ያን ቀን ሁለት ነርሶች ነበርን። ወደ እኔ ክፍል ገባችና ቆመች።

"ይቀመጡ አዴ ጫልቱ" አልኳት። ያኔ አንቱ ማለት ተምሬአለሁ።

አልተቀመጠችም። "ሲስተር፣ ያን ዕለት ጠዋት ስጠይቅዎት፣ ቁስሉ እንዴት እንደነበር ያውቁ ነበር?"

ረስቼው ነበር፣ በኋላ ነው ያስታወስኩት ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶም ነበር።

"አውቅ ነበር" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። "ኦቦ ኢተፋ ነግረውኛል። ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው" አለች።

ከዚያ ልጇን በነጠላዋ አስተካክላ ወጣችና ለሌላዋ ነርስ ወረፋ ያዘች። ረጅም ወረፋ ነበር፤ እኔ በር ላይ ማንም አልነበረም።